በራሱ ጉዳይ የሚዳኝ ምክር ቤት

የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት በሜይ ወር የመጨረሻ ቀን አይተኛም። ከዚያ ሌሊት በኋላ የሚጸድቅ ሕግ ወዲያው ሥራ ላይ እንዲውል ከተፈለገ የአባላቱን ሦስት አምስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው አዳራሽ ረቂቅ ሕጎች ተራቸውን እየተሻሙ ይቀርባሉ። 118ቱ ተወካዮች በየጠረጴዛቸው ሦስት ቁልፍ አላቸው። አረንጓዴው የድጋፍ ነው፣ ቀዩ የተቃውሞ። ቢጫው ደግሞ በአዳራሹ ተገኝቻለሁ፣ ድምፅ ግን አልሰጥም ለማለት ነው። ድምፅ ሲሰጥ የእያንዳንዱ አባል ምርጫ በግድግዳው ሰሌዳ ላይ በስሙ አጠገብ ይበራል።

አልፎ አልፎ አንድ አባል ዕድል ይጠይቅና ይነሣል። በዚህ ረቂቅ ላይ የጥቅም ግጭት ሊኖርብኝ ስለሚችል ቢጫውን እጫናለሁ ይልና ይቀመጣል። ነገሩ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ጥቅሙ ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው ኩባንያ እንደሚመጣ፣ ስንት ዶላር እንደሚያስገኝ የሚጠይቀው የለም። ከጎኑ ያለው ባልደረባው ያንኑ ዓይነት ጥቅም ይዞ አረንጓዴውን ቢጫንም፣ እሱንም የሚጠይቀው የለም።

ጉዳዩን የሚመለከተው የግዛቱ ሕግ በ1967 የወጣ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የግል፣ የቤተሰብ ወይም የደንበኛ ጥቅም ያለበት ረቂቅ የቀረበለት ሕግ አውጪ መጀመሪያ ጥቅሙን ስለመተው ያስብ ይላል። ያ ካልሆነለት ድምፅ ከመስጠት ስለመቆጠብ ያስብ ይላል። ሳያስብ ቢቀርስ? ሕጉ ለዚህም መልስ አለው፦ እነዚህ የሥነ ምግባር መርሆች ለመምሪያነት ብቻ የተጻፉ ናቸው፣ በዲሲፕሊን ቅጣት እንዲፈጸሙ የታሰቡ አይደሉም ሲል በራሱ አንቀጽ ያስታውቃል።

ይህን አንቀጽ ያነበበ ሰው የኢሊኖይን ችግር ግማሹን አውቆታል። ስለዚህ ግዛት ፖለቲካ ሲወራ ስማቸው የሚነሣው ፌዴራል ፖሊስ ይዟቸው ወኅኒ የወረዱት ናቸው። በእኔ እምነት ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ማንም ሳይከሰስ፣ ሁሉም ነገር ሕጋዊ ሆኖ፣ ሕግ አውጪው ራሱ ባለጉዳይ በሆነበት ነገር ላይ ሲወስን። በቺካጎ ኤጅዋተር ሰፈር፣ በብሮድዌይ መንገድ ላይ ምግብ ቤት የከፈተ ሐበሻ በየወሩ የመብራት ቢል፣ በየዓመቱ ደግሞ የንብረት ግብር ይከፍላል፤ የሕንጻው ባለቤት ባይሆን እንኳ ግብሩ በኪራዩ ውስጥ ተቆጥሮ ይመጣበታል። ሁለቱም የሚሰሉባቸው ሕጎች የሚወጡት በዚያ አዳራሽ ነው።

በስልክ የተሰማው ሳቅ

ማይክል ማዲጋን የቺካጎን ደቡብ ምዕራብ ሰፈሮች ወክለው ምክር ቤት የገቡት በ1971 ነው። በ1983 አፈ ጉባኤ ሆኑ፤ በመካከል ከነበሩ ሁለት ዓመታት በስተቀር እስከ 2021 መጀመሪያ ወንበሩን አልለቀቁም። በአሜሪካ ታሪክ የአንድን ግዛት ምክር ቤት ይህን ያህል ዘመን የመራ ሰው የለም። ከ1998 ጀምሮ የግዛቱ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሊቀመንበርም ነበሩ። አንድ ረቂቅ ወደ አዳራሹ ይግባ አይግባ የሚወስነው የደንብ ኮሚቴ በእሳቸው ሰዎች የተሞላ ነበር። ማዲጋን ያልፈለጉት ረቂቅ ለድምፅ ሳይደርስ እዚያው ይሞታል።

የቅርብ ወዳጃቸው ማይክል ማክሌን በወጣትነታቸው አብረዋቸው በምክር ቤት የተቀመጡ፣ ኋላ ላይ ኮመንዌልዝ ኤዲሰን ለሚባለው የመብራት ኩባንያ ሎቢስት የሆኑ ሰው ናቸው። ኩባንያው በሰሜን ኢሊኖይ አራት ሚሊዮን ለሚጠጋ ደንበኛ መብራት ያቀርባል። በ2018 ሁለቱ ወዳጆች በስልክ ሲጨዋወቱ ኤፍ ቢ አይ ይሰማቸው ነበር። ወሬው ከኩባንያው በውል ገንዘብ ስለሚከፈላቸው ሰዎች ነው። ማዲጋን ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ጥሩ አድርገው ዘርፈዋል እያሉ ሳቁ። ማክሌን፣ ያውም በጣም ትንሽ ሥራ ሠርተው፣ ሲሉ መለሱላቸው።

ያ ንግግር ከዓመታት በኋላ በቺካጎ ፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ ፊት ተሰማ። ማዲጋን በራሳቸው ፈቃድ ለምስክርነት ቀርበው፣ ሰዎቹ ሥራ ሳይሠሩ እንደሚከፈላቸው ሳውቅ በጣም ተናደድኩ ብለው ነበር። ዐቃቤ ሕግ ሳቁን ያሰማው ከዚህ በኋላ ነው።

ኩባንያው ግን ቀድሞ አምኗል። በጁላይ 2020 ከዐቃቤ ሕግ ጋር ባደረገው ስምምነት፣ ከ2011 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ለአፈ ጉባኤው ቅርብ ለሆኑ ሰዎች በሌሎች አማካሪዎች በኩል 1.3 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉን፣ ብዙዎቹም ሥራ የሚባል ነገር እንዳልሠሩለት አምኖ 200 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፈለ። በእነዚያው ዓመታት ምክር ቤቱ ኩባንያውን የሚጠቅሙ ሁለት ትላልቅ ሕጎች አጽድቋል፤ አንዱ በ2011፣ ሌላው በ2016። ኩባንያው ከእነዚህ ሕጎች ሊያገኝ የሚችለው ጥቅም ከ150 ሚሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ በስምምነቱ ላይ ተጽፏል። ገንዘቡ ይከፈላቸው ከነበሩት አንዱ የምርጫ ቀስቃሽ በችሎት ቀርበው ሲመሰክሩ፣ ውላቸው እንዲቀጥል ለማዲጋን ቤት ለቤት መቀስቀሳቸው መቀጠል እንደነበረበት ተናግረዋል።

ጁሪው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2025 ከ23ቱ ክሶች በአሥሩ ጥፋተኛ አላቸው፤ በሰባቱ ነጻ ለቀቃቸው፤ በስድስቱ ሊስማማ አልቻለም። በጁን ወር ዳኛ ጆን ሮበርት ብሌኪ በምስክርነቱ ወቅት ዋሽተዋል ብለው ወቅሰዋቸው የሰባት ዓመት ተኩል እስራትና የ2.5 ሚሊዮን ዶላር መቀጮ ወሰኑባቸው። የ83 ዓመቱ ማዲጋን ይግባኝ ጠይቀው ሳለ ኦክቶበር 13 ቀን 2025 ወኅኒ ገቡ።

ከፍርዱ ይልቅ የተከላካዮቹ ክርክር አሳስቦኛል። ጠበቆቹ በየመድረኩ የደጋገሙት አንድ ነገር ነው፦ ሰው ሥራ እንዲገባ መርዳት የፖለቲከኛ የዘወትር ተግባር ነው፣ ለአንድ ኩባንያ ስም መጠቆም ወንጀል አይደለም። ይህ ክርክር ባዶ አልነበረም። ጁሪው በብዙዎቹ ክሶች ላይ ያልፈረደው አለምክንያት አይደለም። የምክር ቤት አባል ለጎረቤቱ ልጅ ሥራ ቢያፈላልግ ማን ይከሰዋል? ዘመድ ማስቀጠርን እኛም ከአገር ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ግማሹን ደግነት፣ ግማሹን ውለታ አድርገን ለምደነዋል። ከባዱ ጉዳይ የሚመጣው ሥራ የሚለምነው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት የለመነውን ኩባንያ ሕግ በእጁ ሲይዝ ነው። እዚያ ላይ ልመናው ልመና መሆኑ ይቀራል። ይህን ሁሉ የወንጀል ሕግ ብቻውን እንዲለየው መተው ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የወንጀል ሕግ የሰውን ልብ ሐሳብ ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት ይጠይቃል፣ ይህ ደግሞ በስልክ የተቀረጸ ሳቅ ካልተገኘ የሚሳካ አይደለም።

የፌዴራሉ መንገድም እየጠበበ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2024 የፖርቴጅ፣ ኢንዲያና የቀድሞ ከንቲባ በነበሩት በጄምስ ስናይደር ጉዳይ ውሳኔ ሰጠ። የከንቲባው ከተማ ከአንድ የጭነት መኪና ሻጭ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ መኪኖች ገዝቶ ነበር፤ በኋላ ሻጩ ለከንቲባው 13,000 ዶላር ሰጣቸው። ስድስት ዳኞች ለሦስት እንደወሰኑት፣ የግዛትና የከተማ ባለሥልጣናትን የሚመለከተው የፌዴራል የጉቦ ሕግ ከሥራው በፊት የተዋዋሉበትን ክፍያ እንጂ ከሥራው በኋላ ለምስጋና የሚሰጥን እጅ መንሻ አይከለክልም። ያንን መከልከል የግዛቶችና የከተሞች ፈንታ ነው ተባለ። የማዲጋን ችሎት ይህን ውሳኔ ሲጠብቅ ለወራት ተላልፏል። ማክሌንን ጨምሮ በመብራት ኩባንያው ጉዳይ በተከሰሱ አራት ሰዎች ላይ ከተፈረዱት ጥፋቶችም የጉቦዎቹ ተሽረው፣ በሤራና የሒሳብ መዝገብ በማጭበርበር ብቻ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ተወሰነባቸው።

እንግዲህ ኃላፊነቱ ተመልሶ ወደ ስፕሪንግፊልድ መጥቷል። ወደዚያው ያስብበት ወደሚለው ሕግ።

ሕጋዊው መንገድ

ማዲጋን በቺካጎ የራሳቸው የሕግ ቢሮ ነበራቸው። ከሌላ ጠበቃ ጋር በ1972 የመሠረቱት ይህ ቢሮ ሥራው አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ የትላልቅ ሕንጻ ባለቤቶችን ወክሎ የንብረት ግብር ግምታቸው እንዲቀነስ መከራከር። ሰውየው ቀን የግብሩን ሕግ የሚያወጣውን ምክር ቤት ይመራሉ፤ ቢሯቸው ደግሞ በዚያው ሕግ መሠረት ለደንበኞቹ ቅናሽ ይጠይቃል። ይህ በራሱ ወንጀል አልነበረም፤ በሙያው ጠበቃ ለሆነ የምክር ቤት አባልም አልተከለከለም።

የንብረት ግብር እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቁ የዚህን ክብደት መረዳት ያስቸግራል። ትምህርት ቤቱ፣ የእሳት አደጋ ክፍሉ፣ የመናፈሻ አስተዳደሩ በመጀመሪያ ለዓመቱ የሚያስፈልጋቸውን ጠቅላላ ገንዘብ ይወስናሉ። ከዚያ ያ ገንዘብ በንብረቶቹ ግምት ልክ ይከፋፈላል። በዕድር ውስጥ ባለጸጋው አባል መዋጮው ቢቀነስለት ጎደሎውን ሌሎቹ መሙላታቸው አይቀርም፤ እዚህም የመሀል ከተማው ሰማይ ጠቀስ ግምቱ ሲቀነስለት ያ ገንዘብ ወደ ትንንሾቹ ቤቶችና ሱቆች ይዞራል። ቺካጎ ትሪቡንና ፕሮፐብሊካ በ2017 ባወጡት ተከታታይ ምርመራ፣ የኩክ ካውንቲ የንብረት ግመታ ርካሽ ቤቶችን ከዋጋቸው በላይ፣ ውድ ቤቶችን ከዋጋቸው በታች ይገምት እንደነበር አሳይተዋል። የጊዜው ገማች ጆሴፍ ቤሪዮስ፣ እሳቸውም የቀድሞ የምክር ቤት አባልና የፓርቲ መሪ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማርች ወር በተደረገው የቅድሚያ ምርጫ ተሸነፉ። በማዲጋን ችሎት የቀረበው ማስረጃ አንድ ክፍልም፣ ድምፅ መቅጃ ደብቆ የሚንቀሳቀስ አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል ለቢሯቸው ደንበኞችን ለማምጣት ሲነጋገሩ የሚያሳይ ነበር።

ኒው ዮርክም ይህንኑ አይታለች። የግዛቱ አፈ ጉባኤ ሼልደን ሲልቨር ከሕግ ቢሮዎች በሚሊዮን የሚቆጠር የአገናኝነት ክፍያ ይቀበሉ ነበር፤ ከቢሮዎቹ አንዱ የሪል እስቴት ባለሀብቶችን የንብረት ግብር የሚያስቀንስ ትንሽ ቢሮ ነው። ሲልቨር ተፈርዶባቸው በእስር ላይ ሳሉ በ2022 አረፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኒው ዮርክ ምክር ቤት የአባላቱን ደሞዝ ወደ 142,000 ዶላር አሳድጎ በምትኩ ከውጭ ሥራ የሚያገኙትን ገቢ በዓመት በ35,000 ዶላር የሚገድብ ሕግ አወጣ። ብዙ ሰው የደሞዙን ጭማሪ አይቶ ተቆጣ። እኔ ግን ንግዱ ትክክል ነው እላለሁ። ለሕግ አውጪው የሚገባውን ያልከፈለ ሕዝብ፣ ሌላ ሰው ሲከፍልለት ማየቱ አይቀርም። ኒው ሃምፕሽር ለምክር ቤት አባል በዓመት የምትከፍለው 100 ዶላር ብቻ ነው፤ እንዲህ ባለ ግዛት ሁሉም አባል የሚኖረው በሌላ እንጀራ ነው። ኢሊኖይ በ2023 የአባላቱን ደሞዝ ወደ 85,000 ዶላር አሳድጋለች፤ የውጭ ገቢ ጣሪያ ግን የላትም።

ቢጫው ቁልፍ

ሰው ሲሰማው ቀላል የሚመስል መፍትሔ አለ፦ ጥቅም ያለው ሁሉ ድምፅ አይስጥ። ነገሩ ግን ያን ያህል አይቀልም፤ የሕጉን ለውጥ የሚሹ ሰዎችም ይህን ችላ ሲሉ አያለሁ።

በመጀመሪያ ቢጫው ቁልፍ መሀል ሰፋሪ አይደለም። በኢሊኖይ ሕገ መንግሥት ረቂቅ የሚያልፈው ከተመረጡት አባላት ከግማሽ በላይ የሆኑት ሲደግፉት ነው፤ በአዳራሹ ማን ቀረ ማን ተገኘ ሳይባል በታችኛው ምክር ቤት 60 አረንጓዴ ይጠይቃል። ስለዚህ ቢጫ የተጫነ ሰው በውጤቱ ቀይ ከተጫነው አይለይም። ባራክ ኦባማ በግዛቱ ሴኔት በነበሩባቸው ዓመታት 129 ጊዜ ያህል ቢጫውን ተጭነዋል ተብሎ በ2008ቱ ዘመቻ የተወቀሱት፣ ይህ የኢሊኖይ ልማድ ለሌላው አሜሪካዊ እንግዳ ስለነበር ነው። (እሳቸው በ1998 የወጣው የስጦታ ገደብ ሕግ አቅራቢ እንደነበሩም መርሳት አይገባም።) ረቂቁ እንዲወድቅ ጥቅሙ የሚፈልግ ሰው፣ ተቆጠብኩ ብሎ ረቂቁን ሊጥለው ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ በኮሚቴ ውስጥ ረቂቁን ሲያስተካክል፣ ባልደረቦቹን ሲያግባባ ሰንብቶ በመጨረሻው ደቂቃ ቢጫ ቢጫን ምን ተቆጠበ ይባላል? መከልከል ያለበት ከረቂቁ የመጀመሪያ ገጽ ጀምሮ ነው።

ሁለተኛው ችግር የብዙኃን ጥቅም ነው። መምህር የሆነ ሕግ አውጪ በመምህራን ጡረታ ላይ፣ ታክሲ የነዳ በታክሲ ፈቃድ ላይ፣ ቤት ያለው በቤት ግብር ላይ ድምፅ አይስጥ ከተባለ፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው በአዳራሹ አይቀርም። ስለዚህ ጥሩ ሕጎች አንድን ሰው እንደ ሺህዎቹ የሙያ ወገኖቹ የሚነካውን ጥቅም፣ ለእሱ፣ ለቤተሰቡ ወይም ለደንበኛው ተለይቶ ከሚመጣው ጥቅም ይለያሉ። መምህሩ ስለ መምህራን ሁሉ ይምረጥ፤ የራሱ ኩባንያ ለትምህርት ቤቶች የሚሸጠውን መጽሐፍ በሚመለከት ግን ከአዳራሹ ይውጣ።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው ያነሡታል፦ እኔ ከተከለከልኩ ከመቶ ሺህ በላይ የሆነው የወረዳዬ ሕዝብ ድምፅ አጣ ይላሉ። በኔቫዳ ግዛት የስፓርክስ ከተማ ምክር ቤት አባል ማይክል ካሪጋን በዚህ መንፈስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደዋል። የምርጫ ዘመቻቸውን የመራላቸው ሰው አማካሪ ለሆነለት የካዚኖ ፕሮጀክት ድምፅ በመስጠታቸው የግዛቱ የሥነ ምግባር ኮሚሽን ወቀሳቸው፤ እሳቸውም የመናገር ነጻነቴ ተነካ አሉ። በ2011 ዳኞቹ ካሪጋን ተሳስተዋል ብለው በአንድነት ወሰኑ። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ እንደጻፉት የሕግ አውጪ ድምፅ የግሉ ንግግር አይደለም፤ ከሕዝብ በአደራ የያዘው ሥልጣን ነው። ስካሊያ ታሪክም ጠቅሰዋል፦ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በኤፕሪል 1789፣ ማንም አባል በቀጥታና በተለይ በሚነካው ጥያቄ ላይ ድምፅ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ኢሊኖይ ዛሬ ያስብበት የምትለውን እነሱ ያኔ ከልክለውታል።

ዳኞቹ እነማን ናቸው?

ሕጉ የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ የሚፈጽመው አካል ከሌለ ወረቀት ነው። በዚህ ረገድ ኢሊኖይ ያሳለፈችው ታሪክ ያሳዝናል።

በ2003 የወጣው የሥነ ምግባር ሕግ ለምክር ቤቱ አንድ ኢንስፔክተር ጄኔራልና አንድ የሥነ ምግባር ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ ስምንት አባላት አሉት፤ ከየፓርቲው አራት አራት ሆነው በምክር ቤቶቹ መሪዎች የሚሾሙ ናቸው፤ ሕጉ አይከለክልምና መቀመጫዎቹን የያዙት ሕግ አውጪዎች ራሳቸው ናቸው። ኢንስፔክተሩ ሰነድ በግዴታ እንዲቀርብለት የእነሱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሪፖርቱ ለሕዝብ ይውጣ አይውጣ የሚወስኑትም እነሱ ናቸው።

በኦክቶበር 2017 መጨረሻ አንዲት የወንጀል ተጎጂዎች ተሟጋች በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ በአንድ ሴናተር ላይ ያቀረቡት የትንኮሳ አቤቱታ ለረጅም ጊዜ መልስ እንዳላገኘ ተናገሩ። መልስ ያላገኘው የሚመልስ ሰው ስላልነበረ ነው። የኢንስፔክተሩ ቢሮ ለዓመታት ያለ ሹም ተቀምጦ፣ 27 አቤቱታዎች ማንም ሳይነካቸው ተከማችተው ነበር። ይህን የሚያህል ምክር ቤት፣ በቢሊዮን የሚቆጠር በጀት የሚያጸድቅ፣ አንድ መርማሪ መሾም እንደምን አቃተው? እንዳልፈለገ ነው የምረዳው። በዚያ ሰሞን በተነሣው ቁጣ የተሾሙት የቀድሞዋ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ጁሊ ፖርተር ሥራውን ከለቀቁ በኋላ በ2019 በአደባባይ እንደጻፉት፣ በሥልጣን ላይ ባለ ሕግ አውጪ ላይ ከባድ ጥፋት አግኝተው ሪፖርት ቢያቀርቡም ኮሚሽኑ ሳያወጣው ቀርቷል።

በዚያው ዓመት ኦገስት ወር በስኮኪ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ የምክር ቤት አባል ሉዊስ አሮዮ ለአንድ ሴናተር የ2,500 ዶላር ቼክ ሰጡ፤ በየወሩ እንደሚቀጥልም ቃል ገቡ። አሮዮ ሕግ አውጪ ሆነው ሳለ በቺካጎ ከተማ አስተዳደር ዘንድ የቁማር መሰል ማሽኖች ጉዳይ የሚከራከሩ ተከፋይ ሎቢስት ነበሩ፤ ከሴናተሩ የፈለጉትም ለእነዚያ ማሽኖች የሚስማማ ሕግ ነው። ሴናተሩ ግን መቅጃ ይዘዋል። አሮዮ በ2022 የ57 ወር እስራት ተፈረደባቸው። ቼኩ ወንጀል ነበር። አንድ ሕግ አውጪ በሌላ መንግሥታዊ አካል ፊት ተከፍሎት ሎቢስት መሆኑ ግን በዚያን ጊዜ ፍጹም ሕጋዊ ነበር፤ ቼኩን የወለደውም ይኸው ነው።

ከአሮዮ መያዝ በኋላ ሕጎቹን የሚመረምር የጋራ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሪፖርቱ በማርች 2020 መጨረሻ ይጠበቅ ነበር፤ ወረርሽኙ ደረሰና ሥራው ተቋረጠ። በ2021 ምክር ቤቱ አዲስ ሕግ አወጣ። ጥሩ ነገር አለው፦ ሕግ አውጪዎች በከተማና በካውንቲ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ተከፍሏቸው ሎቢ ማድረግ ተከለከሉ፤ ሀብት ማሳወቂያው ቅጽ ሰፋ። ከዚያ በፊት ብዙ አባላት በየጥያቄው አጠገብ «የለም» ብለው ጽፈው የሚያስረክቡት ቅጽ ነበር። አሁን ከ10,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ንብረት፣ ከ7,500 ዶላር በላይ የሆነ የገቢ ምንጭ፣ ከ10,000 ዶላር የበለጠ ዕዳ መዘርዘር አለበት። የአገር ቤቱን የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 (በእኛ አቆጣጠር 2002 የወጣውን) የሚያስታውስ አንባቢ ሐሳቡን ያውቀዋል፤ ተመራጩ ምን እንዳለው ሳይታወቅ ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም።

ከምክር ቤት ወጥቶ ወደ ሎቢስትነት ለመሄድ የሚጠበቀው ጊዜ ግን ስድስት ወር ብቻ ሆነ፤ እሱም ክፍተት አለው፤ የሥራ ዘመኑን ጨርሶ የሚወጣውን አይነካም። ኢንስፔክተሩ ያለ ፈቃድ ምርመራ እንዲጀምር ሲፈቀድለት፣ ከመንግሥት ሥራ ጋር ያልተያያዘ ጥፋት እንዳይመረምር ደግሞ ታጠረበት። ኢንስፔክተሯ የቀድሞዋ ዳኛ ካሮል ፖፕ ሕጉን እንዳዩ ሥራቸውን እንደሚለቁ በጁላይ አስታወቁ፤ ቢሮው የወረቀት ነብር ነው አሉ። ምክር ቤቱ ቃላቸውን ሰምቶ አልፏል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከኢሊኖይ በኦሃዮ ወንዝ ማዶ ኬንታኪ አለች። በ1992 ኤፍ ቢ አይ የኬንታኪ ሕግ አውጪዎች በፈረስ እሽቅድምድም ሕግ ላይ ድምፃቸውን ሲሸጡ ደርሶባቸው፣ አፈ ጉባኤውን ጨምሮ ከደርዘን በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። አንዳንዶቹ የተቀበሉት ጥቂት መቶ ዶላር ነበር። ግዛቱ ያን ውርደት ተቀብሎ በ1993 ባወጣው ሕግ ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቋመ፤ በሥራ ላይ ያለ ሕግ አውጪ በኮሚሽኑ ውስጥ አይቀመጥም። ሎቢስት ለሕግ አውጪ የምርጫ ገንዘብ መስጠት አይችልም። በ2014 ስጦታውን ይበልጥ አጥብቀው ሎቢስት ለሕግ አውጪ ስኒ ቡና እንኳ እንዳይገዛ አደረጉ። በኢሊኖይ ሎቢስት ዛሬም ለአንድ ሕግ አውጪ በቀን እስከ 75 ዶላር ሊያበላና ሊያጠጣ ይችላል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል ያደግነው እየሰማነው ነው። በስፕሪንግፊልድ ያለው ሕግ ይህን አባባል ለመከልከል ገና አልወሰነም። መደረግ ያለበት ግልጽ ነው፦ ያስብ የሚለው አንቀጽ ይቆጠብ በሚል ይተካ፤ የሚቆጠበው አባል ጥቅሙን በጽሑፍ አስታውቆ ከኮሚቴው ሥራም ይውጣ፤ አፈ ጉባኤ የሆነ ሰው የንብረት ግብር ጠበቃ አይሁን፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚሽኑ ወንበሮች ከሕግ አውጪዎች እጅ ይውጡ። የመጨረሻው ካልሆነ የቀሩት ሁሉ ተመልሰው ምክር ይሆናሉ።

የታችኛው ምክር ቤት 118 አባላት በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባሉ። ድምፅ ፍለጋ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ወደ መስጊዳችንና ወደ ኮሚዩኒቲ አዳራሻችን ይመጣሉ። የእያንዳንዳቸው የሀብት ማሳወቂያ እስከ ሜይ 1 ቀን ለግዛቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ይቀርባል፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ሊያየው ይችላል። የወረዳችሁን ተወካይ ስም ጽፋችሁ ቅጹን አንብቡት። ሲመጡ ደግሞ በሕዝብ ፊት ጠይቋቸው፦ ከምክር ቤቱ ሌላ ማን ይከፍልዎታል? በእነማን ረቂቅ ላይ ተቆጥበዋል? የሥነ ምግባር ኮሚሽኑ ከሕግ አውጪዎች ነጻ እንዲሆን የሚያደርግ ሕግ ቢቀርብ የሚጫኑት የትኛውን ቁልፍ ነው?